አህያዋ የታከከችበት ቤት

በድሮ ዘመን ነው ልጆች፤ አንድ ሰው ቤት ሲሠራ አገር ሁሉ ክንዱን ይዞ በሚመጣበት ዘመን። ኑ ጠጋ በሉ። አንቺ ልጅ እግርሽን ሰብስቢ፣ ለታናሽሽም ቦታ ስጪው። የሚስቅ ይሳቅ፣ የሚጠይቅ ይጠይቅ፤ የሚያንቀላፋ ግን ወደ መኝታው ይሂድ፤ እኔ ለሚያንቀላፋ ሰው ተረት አላወራም።

በዚያ ዘመን፣ አፋፍ ላይ በተቀመጠች አንዲት መንደር፣ አስረስ የሚባል ገበሬ ከሚስቱ ከላቀች ጋር ይኖር ነበር። አስረስ ጉልበታም ነው፤ ግን ይሉኝታው ይበዛል። ሰው እግሩን ቢረግጠው «ይቅርታ፣ እግሬ መንገድህ ላይ ሆነ» የሚል ሰው ነው። ላቀች ደግሞ ዓይኗ ንቁ ነው፤ ያየችው ነገር አያመልጣትም።

በእነዚህ ባልና ሚስት ላይ ክፉ ቀን መጣ። በአንድ ክረምት አፋፉ ተናደና ቤታቸውን ይዞት ገደል ገባ። ነፍሳቸው ተረፈች፣ በሬዎቻቸው ተረፉ፤ ቤት ግን የላቸውም። በጎረቤት የጥጃ ቤት ጥግ ተጠግተው ከረሙ፤ በጋውንም እዚያው ቆዩ። በዚህ መሃል ላቀች አረገዘች።

እንግዲህ ይሄን ልብ በሉ። ክረምቱ ተመልሶ ሳይገባ ቤት መቆም አለበት። ካልቆመ ልጁ የሚወለደው ከጥጃ ጋር ነው።

የመንደሩ ሽማግሌ አያ ጫኔ ሰዉን ሰበሰቡና «ጎበዝ፣ ደቦ እንውጣላቸው» አሉ። አገሩ ወጣ። ወንዶቹ ቆላ ወርደው ወይራ ቆረጡ፤ እየጎተቱ፣ እየዘፈኑ አመጡት። ሴቶቹ ጠላ ጠመቁ። ልጆቹ የክዳን ሣር ተሸከሙ። አስረስ ይሄን ሁሉ ሲያይ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ሲል ምላሱ ደረቀ። ላቀችም ጠላውን ስትቀዳ ዕንባዋ ዋንጫው ውስጥ እንዳይገባ ፊቷን ታዞር ነበር።

የመጣው ወይራ ሁሉ ለመንደሩ አናጢ ተሰጠው፤ ልጦ፣ ጠርቦ እንዲያቆመው። አናጢው ደምለው ይባላል። እጁ የሠለጠነ ነው፤ አፉ ከእጁ ይብሳል። ዓይኑ ግን የሰው ነገር ይወዳል።

ያን ሁሉ ወይራ ግቢው ውስጥ ተከምሮ ሲያየው ምራቁን ዋጠ። «ይሄ ግንድ ለአስረስ ጎጆ ነው? ለእኔ አዳራሽ ነው እንጂ የሚያምረው!» አለ። ሰው ሁሉ እርሻ ሲወርድ ጠብቆ፣ የወይራውን ምርጥ ምርጡን ከጭድ ክምሩ ሥር ደበቀው። በምትኩ ከወንዝ ዳር ወድቆ የከረመ ብሳና ለቅሞ አመጣ።

ብሳናን ታውቁታላችሁ? «ብሳና ይነቅዛል ወይ?» ቢሉ «ለእንጨት ሁሉ ማን አስተማረና!» አሉ። ይሄ ደግሞ ቆሞ ያለ ብሳና እንኳ አይደለም፤ ነቀዝ ቤተሰብ ያፈራበት ብሳና ነው። ደምለው ጠረበው። በጥላሸትና በኑግ ዘይት አሸው። ብሳናው ጠቆረ፣ ወዛ፣ ወይራ መሰለ።

ከዚያ ቤቱን አቆመ። የፊቱን ግድግዳ፣ ሰው የሚያየውን፣ በእውነተኛ ወይራ አቆመ። የጓዳውን ግድግዳ፣ አልጋ የሚዘረጋበትን፣ በብሳና አቆመ። ማገሩ ተማገረ፣ ጣራው ተዋቀረ፣ ሣሩ ተከደነ። ከሩቅ ሲያዩት ያምራል።

የቀረው ምርጊቱ ብቻ ነበር። ጭቃው ከጭድ ጋር ይቦካና ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። አንዴ ከተመረገ በኋላ እንጨቱን ማን ያየዋል? ማንም! እስከ ክረምት ድረስ። ክረምት ሲገባ ግን ዝናቡ ክዳኑን ያርሰዋል፣ የራሰ ክዳን ይከብዳል፣ ብሳናው ይሰበራል፣ ጣራው አልጋው ላይ ይወርዳል። አልጋው ላይ ማን አለ? እናት ከነልጇ። ደምለው ይሄን አያውቅም ነበር? ያውቃል እንጂ። ስስት ግን ጆሮ የለውም።

በዚያ አገር አንድ ልማድ ነበር። ግድግዳው ሳይመረግ ጎረቤት ሁሉ መጥቶ ቤቱን ያያል። የጥንት ሰዎች ይሄን ሲያወጡ አስበውበት ነው፤ አጥንቱ ሳይሸፈን ይታይ ብለው ነው። እያደር ግን ልማዱ ተበላሸ። የሚመጣው ሁሉ «ያምራል! ያምራል!» ብሎ፣ ጠላውን ጠጥቶ መሄድ ሆነ ሥራው። በአዲስ ቤት ላይ እንከን ያወጣ ሰው «ሟርተኛ» ይባላል። ሟርተኛ ከመባል ደግሞ ሰው ዝም ማለትን መረጠ። ያዩበት ነገር ቢኖርም እንኳ ውጠውት ይሄዳሉ።

መጀመሪያ ያየችው ላቀች ናት። ጓዳውን ስትጠርግ ከቋሚዎቹ ሥር ዱቄት አገኘች። ጠረገችው። ዞር ብላ ስትመለስ ዱቄቱ እንደገና አለ።

«ወንድሜ ደምለው፣ ይሄ ዱቄት ከየት መጣ?» አለችው።

ደምለው ሳቀ። «ላቀችዬ፣ አዲስ እንጨት እንደ ሕፃን ነው፤ ሲጠግብ ያቀረሻል። አታሟርቺ እቴ! ምርጊት ሁሉን ይሸፍናል።»

ላቀች ለባሏ ነገረችው። «አስረስ፣ የጓዳው እንጨት ደግ አይመስለኝም።»

አስረስ ደነገጠ። ሰው እንዳይሰማ ግራ ቀኙን አየ። «ዝም በይ! አገር እንዲህ ደክሞልን እንከን እናውጣ? ምን ይሉናል? ጥጋብ ነው አይሉንም?»

ላቀች ዝም አለች። እሷም አገሩን ትወዳለች፤ ውለታ ቢስ መባል ፈራች።

ቀጥሎ ያየው ውብአንተ ነው። ውብአንተ የአስረስ ጎረቤት ነው፤ ያን ወይራ ከቆላ በትከሻው ሲያወጣ ትከሻው ተልጦ ቁስሉ ገና አልጠገገም። ቤቱን ሊያይ መጣና የፊቱን ቋሚ በጣቱ አንኳኳ። «ቃ! ቃ!» አለ። ወደ ጓዳ ገባና አንኳኳ። «ዱብ! ዱብ!» አለ።

«ደምለው፣ ይሄኛው ባዶ ቅል ይመስላል እኮ» አለ።

«ውብአንተ፣ አንተ የእርፍ ሰው ነህ፤ እንጨት ማናገር ከመቼ ወዲህ ተማርክ?» አለ ደምለው፤ የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። «አታሟርት እንጂ! ምርጊት ሁሉን ይሸፍናል።»

ሰው ሁሉ ውብአንተን አየው። ውብአንተ አፈረ። እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተና ጠላውን ጠጥቶ ሄደ።

ሦስተኛ ያዩት ራሳቸው አያ ጫኔ ናቸው። በከዘራቸው ተደግፈው ቆሙ፣ ቀና ብለው አዩ። ጣራው ወደ ጓዳው ዘመም ብሏል። አያ ጫኔ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ።

ደምለው ያችን አፍ አያት። ዘሎ እግራቸው ሥር ተንበረከከ። «አባታችን፣ ይሄ ቤት የሚቆመው በእርስዎ ምርቃት ነው! ይመርቁልን!» አለ። ሰው ሁሉ እጁን ዘረጋ። እጅ ተዘርግቶ ሳለ ሽማግሌ ምን ያድርግ? ለእንከን የተከፈተው አፍ መረቀ። «ቤታችሁ የእንግዳ ማረፊያ፣ የልጅ መቦረቂያ ይሁን!»

«አሜን!»

እንግዲህ አለቀ። የተመረቀን ቤት የነቀፈ ምርቃቱን ነቀፈ ማለት ነው፤ ማን ይደፍራል? ደምለው እጁን አጨበጨበ። «ነገ ምርጊት! ምርጊት ሁሉን ይሸፍናል!»

አያ ጫኔ ግን ወደ ቤታቸው ሲሄዱ መንገዱን ሁሉ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

አሁን እማማ ስንዱን ላምጣላችሁ። እማማ ስንዱ በመንደሩ ጫፍ ከአንዲት ዳለቻ አህያቸው ጋር የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ያዩትን ይናገራሉ፤ ሌላ ጥፋት የለባቸውም። ለሙሽራ «ቀሚስሽ ረዝሟል፣ ጠልፎ ይጥልሻል» ይሏታል፤ ሙሽራዋ ትወድቃለች፤ ከዚያ «አሟረቱባት!» ይባላሉ። ስለዚህ ሰርግ አይጠሩም፣ ክርስትና አይጠሩም፣ ምርቃትማ ማን ጠይቋቸው!

ላቀች ያን ዕለት ውኃ ስትቀዳ ምንጩ ዳር አገኘቻቸው። እንስራዋን አስቀመጠችና አለቀሰች።

«ምነው ልጄ?»

«እማማ፣ ቤቱን ፈራሁት። አገር የሠራልኝን ቤት ፈራሁ ብል ውለታ ቢስ አልባልም?» አለችና ስለ ዱቄቱ ነገረቻቸው።

እማማ ስንዱ ሰሙ። «ልጄ፣ ሰውን ማመስገን አፍን መለጎም አይደለም» አሉ። «ግን እኔ ብናገር ማን ይሰማኛል? ገና ሳልጨርስ ሟርተኛ ይሉኛል። ግድ የለም፣ ነገ እኔም የድርሻዬን ጭድ ይዤ እመጣለሁ። እኔ አልናገርም።»

በነጋታው ምርጊት ሆነ። ጎረምሶቹ ጭቃውን በእግራቸው ይረግጣሉ፣ ሴቶቹ ውኃ ያፈሳሉ፣ ደምለው ከወዲያ ወዲህ ይሯሯጣል። «ከጓዳው ጀምሩ! ከጓዳው! ቶሎ በሉ!» ይላል። ለምን ከጓዳው እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ።

እማማ ስንዱ ዳለቻዋን አህያ ጭድ ጭነው መጡ። ደምለው ገና ከሩቅ ሲያያቸው ጮኸ። «እማማ ስንዱ፣ ዛሬ ሟርት የለም!»

«እኔ ምን አፍ አለኝ ልጄ፣ ጭዴን አራግፌ እሄዳለሁ» አሉ። ጭነቱን አወረዱ፣ ገመዱን ያዙ። «ብቻ ይህችን አህያ የት ልሰራት? ዛፉ ሩቅ ነው። ከጓዳው ቋሚ ባስራት ቤትህን ትነቀንቅብህ ይሆን?»

ደምለው ሰው ሁሉ እንደሚሰማው አየ። ደረቱን ነፋ። «የእኔን ሥራ? አህያ ቀርቶ ዝሆን ቢታከክበት ንቅንቅ አይልም!»

«ዝሆን?» አሉ እማማ ስንዱ።

«ዝሆን!»

«ዝሆን ቢታከክበት?»

«ዝሆን ከነልጁ ቢታከክበት! ይልቅ ይሰሯትና ያሠሩን!»

«እሺ ልጄ፣ አንተ ካልክ» ብለው አሰሯት።

ጭነት የወረደላት አህያ ምን ታደርጋለች? ልጆች፣ ይሄንማ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ጀርባዋን ይበላታል። ዳለቻዋ ቋሚውን አየችው፣ ቀረበችው፣ ጎኗን ሰጠችው።

አንዴ ታከከች። ቋሚው «ጢጥ» አለ።

ሁለቴ ታከከች። ዱቄቱ ቦነነ።

ሦስተኛ ስትታከክ «ቀጭ!» አለና ለሁለት ተሰበረ። ከጎኑ ያለውም ተከተለው፣ የዚያም ጎረቤት ተከተለው፤ የጓዳው ጣራ ጓ ብሎ አልጋው ሊዘረጋበት በታሰበው ቦታ ላይ ተኛ። ተመስገን፣ ውስጥ ሰው አልነበረም። አህያዋ ደንግጣ እያናፋች፣ የእንጨት ስባሪ በገመድ እየጎተተች ሜዳ ለሜዳ በረረች።

ጭቃ የሚረግጠው እግሩን አንስቶ ቀረ። ላቀች ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ቆመች።

ደምለው ቀድሞ አፉን አገኘ። «አያችሁ? ይህች እርኩስ አህያ ቤቱን አፈረሰችው! ሟርተኛ አሮጊት፣ ሟርተኛ አህያ!»

አያ ጫኔ ቀስ ብለው ሄደው ስባሪውን አነሱ። በመዳፋቸው ጨመቁት፤ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። «ልጄ ደምለው» አሉ፣ «ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ። አህያ ስታሟርት ግን አይቼ አላውቅም።»

ውብአንተ አህያዋን ይዞ ተመለሰ። «ኧረ ይህችን አህያ እዩልኝ! ዳለቻ ሄዳ በአንድ ጎኗ ጠቁራ ነው የተመለሰችው። ወይራ ጥላሸት ይለቃል እንዴ?» ወደ ደምለው ዞረ፤ ጋቢውንም ገለጠ። «ይሄን ትከሻዬን የላጠው ወይራ የት ነው ያለው?»

ደምለው «እሱማ... እሱማ...» አለ። ያ ሁሉ አፍ እዚያ ላይ አለቀ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ሄደው ግቢውን ሲፈትሹ የጭድ ክምሩን ቢገልጡት ወይራው ተጋድሞ አገኙት። ደምለውም አዳራሽ አምሮት እንደነበር አመነ።

አንዱ «ይገረፍ!» አለ። አንዱ «ከአገር ይውጣ!» አለ። አያ ጫኔ ከዘራቸውን አነሱ።

«ቆዩ» አሉ። «ጥፋቱ የእሱ ብቻ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። እኔ ጣራው መዝመሙን አይቼ መረቅሁ።»

ውብአንተ አንገቱን ደፋ። «እኔም ድምፁን ሰምቼ ጠላዬን ጠጣሁ።»

አስረስ ከሁሉም ኋላ ቆሞ ነበር። ወደ ፊት ወጣ። «እኔ ደግሞ ሚስቴን ዝም አሰኘኋት። በይሉኝታ ልጄን ልገድል ነበር።» ወደ ላቀች ሄደ፤ በሰው ፊት፣ በጭቃው ላይ ተንበርክኮ «ይቅር በይኝ» አላት። ላቀች ክንዱን ይዛ አነሳችው።

ፍርዱም እንዲህ ሆነ። ወይራው ወደ አስረስ ቤት፣ ብሳናው ወደ ደምለው ግቢ። «አዳራሽ አምሮህ የለ? በዚያው በወደድከው ብሳና ሥራ፤ ክረምቱን እዚያ ትከርማለህ» ተባለ።

የደምለውን ላስቀድምላችሁ። ያ ሰው በዚያ ክረምት ተኝቶ አላደረም። ደመና ባየ ቁጥር አጎዛውን በራሱ ላይ ደፍቶ ውጭ ይሮጣል፤ ሲያባራ ይመለሳል፤ ሲያጉረመርም እንደገና ይሮጣል። ልጆች ሲያዩት ይስቁ ነበር፤ እናንተም ብትኖሩ ትስቁ ነበር፣ አውቃችኋለሁ። ነሐሴ ሲጋመስ አዳራሹ ወደቀ፤ እሱ ውጭ ስለነበር ተረፈ። አገሩ ምን ያድርግ? ጨክኖ አልተወውም። ደቦ ወጣለት። የመጀመሪያውን ወይራ ተሸክሞ የመጣው ማን ነው? አስረስ። ደምለው ያን ጊዜ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ፤ ቤቱም ሲቆም ለመጣው ሁሉ «እባካችሁ ነቅንቁልኝ፣ ምንም አይታለፍ» እያለ ይለምን ነበር።

አሁን ወደ ላቀች ልመልሳችሁ።

የላቀች ቤት በወይራው እንደገና ቆመ። በዚህኛው ግን ሳይመረግ በፊት አያ ጫኔ «ማንም ያምራል እንዳይል! መጀመሪያ ይነቅነቅ!» ብለው አወጁ። ሰዉ ገባበት። ጎረምሳው ገፋ፣ ሴቱ ሳበ፣ ሽማግሌው ጀርባውን አስደግፎ ታከከ፣ ልጆች እንደ ጦጣ ተንጠለጠሉ። ላቀችም ጓዳ ገብታ እያንዳንዱን ቋሚ በሁለት እጇ ነቀነቀች። ንቅንቅ የለም። ከዚያ ነው የተመረገው፤ ከዚያ ነው የተዘፈነው።

ሐምሌ ገባ። አንድ ቀን በቀትር ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ወረደ። እንዲህ ያለ በረዶ አያ ጫኔም አላዩም። ክዳኑ ራሰ፣ ከበደ፣ በረዶውም ከላዩ ተከመረበት። በዚያው ሰዓት ላቀች ጓዳው ውስጥ አልጋው ላይ ምጥ ይዟታል። ሴቶቹ ከበዋታል። እያንዳንዷ አንድ ዓይኗን ወደ ላቀች፣ አንድ ዓይኗን ወደ ጣራው አድርጋ ነበር። ጣራው ግን «ጢጥ» እንኳ አላለም። በረዶው ሲያባራ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። ሴት ልጅ ተወለደች።

አስረስ ከደጅ ሲጠብቅ በስብሶ ነበር። ገባ፣ ልጁን አየ፣ ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰ። የአገሩ ሰው በጭቃ እግሩ ደጁን ሞላው። «አያ ጫኔ ይምጡና ይመርቁ» አለ አንዱ።

አያ ጫኔ ከበሩ ላይ ቆመው ላቀችን አዩአት። ላቀች ደክሟታል፤ ድምፅዋ ግን ተሰማ። «አባቴ፣ ካልተቀየሙኝ፣ እማማ ስንዱ ይመርቁልኝ።»

እማማ ስንዱ ከበሩ ጀርባ፣ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆመው ነበር። «እኔ?» አሉ። «ልጄ፣ እኔ እኮ ሟርተኛ ነኝ።»

«እማማ፣ አገር ቤት ሠራልኝ፤ ለአገሩ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ባይኖሩ ግን እኔና ይህች ልጅ ዛሬ ከዚያ ጣራ ሥር ነበርን። ለእርስዎ የምከፍለው የለኝም። ይመርቁልኝና የልጄ የመጀመሪያ ምርቃት የእርስዎ ይሁን።»

አያ ጫኔ ከበሩ ላይ ዞር ብለው መንገድ ለቀቁላቸው፤ መጀመሪያ እጃቸውን የዘረጉትም እሳቸው ናቸው። ከዚያ ሰው ሁሉ እጁን ዘረጋ።

እማማ ስንዱ መመረቅ አልለመዱም። ቢሆንም እንዲህ አሉ። «ልጅቷን ያሳድግላችሁ። ጎተራችሁን ይሙላላችሁ። ስታጠፉ ፊት ለፊት የሚነግራችሁ ጎረቤት አያሳጣችሁ፤ ሲነግራችሁም የምትሰሙበት ጆሮ ይስጣችሁ!»

«አሜን!» አለ አገሩ።

እማማ ስንዱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተናግረው «አሜን» የተባለላቸው ያን ቀን ነው። የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱና አለቀሱ፤ ሴቶቹም ይዘው ከአልጋው ራስጌ፣ ከሕፃኗ አጠገብ አስቀመጧቸው።

እንግዲህ ልጆች፣ ላደረገላችሁ ሰው አመስግኑ፤ ምስጋና ግን ዝም ማለት አይደለም። «ያምራል» ከሚላችሁ መቶ ሰው ይልቅ ቤታችሁን ነቅንቆ የሚያይላችሁን አንድ ሰው አክብሩት፤ ብትቀየሙትም ቀን ሳያልፍ አመስግኑት።

የእኔ ተረት ይኸው ቆመ፤ ክዳኑም ምርጊቱም አለቀ። እናንተ በጤና እደሩበት።